የሠራችሁት አውሮፕላን ማረፊያ ሲሙሌተሩ ውስጥ ሲያስቸግር፦ ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ

የባሕር ዳርን ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም የደብረ ማርቆስን ሜዳ ወርልድ ኤዲተር በሚባለው የማረፊያ መሥሪያ ፕሮግራም ሠርታችሁ፣ የበረራ ሲሙሌተሩን ኤክስ-ፕሌን 12ን ስትከፍቱ ያሰባችሁት ካልመጣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ማረፊያው ጭራሽ ላይታይ ይችላል። መንደርደሪያው አዲስ እንደታረሰ ማሳ ጎርበጥበጥ ብሎ ሊመጣ ይችላል። አስፋልቱ ላይ ዛፍ ሊበቅል፣ ተርሚናሉም ሁለት ሆኖ ተደራርቦ ሊቆም ይችላል። አብዛኛው ችግር መፍትሔ አለው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ችግሩ የት እንዳለ ሳታውቁ ምንም አትንኩ። ስክሪን ላይ የምታዩት ማረፊያ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ የተለያዩ ነገሮች ተደራርበው የሚሠሩት ነው። ከታች መሬቱ አለ፣ ሜሽ የምንለው። በላዩ የማረፊያው መረጃ አለ፤ መንደርደሪያው፣ ታክሲዌዩ (አውሮፕላን መሬት ላይ የሚሄድበት መንገድ)፣ የአውሮፕላን መቆሚያው፣ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲው። ከዚያ ኦብጀክቶቹ ይመጣሉ፤ ሕንፃ፣ አጥር፣ ዛፍ። እነዚህን ሁሉ ደግሞ የፋይሎቹ አቀማመጥና ቅደም ተከተል ይወስናቸዋል። የሜሽን ችግር አስፋልት በመጎተት፣ የፋይል ቅደም ተከተልን ችግር ሕንፃ በማጥፋት ለመፍታት መሞከር ጊዜ መግደል ነው። ብዙ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ሥራችሁን አድኑ

ማስተካከል ከመጀመራችሁ በፊት የማረፊያውን ፎልደር በሙሉ ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ፍላሽ ላይ ቢሆን ይመረጣል። መብራት ድንገት ይሄዳል፣ ዴስክቶፕ ላይ ያለ ዩፒኤስ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሁለት ሰዓት ሥራ በአንድ ጊዜ ሊያጣ ይችላል። ወርልድ ኤዲተር ሴቭ ስታደርጉ የቀደመውን ቅጂ ስሙ ውስጥ «ባክ» የሚል ጨምሮበት እዚያው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ዋናው ፋይል አልከፈት ካለ ይህንን ስሙን ቀይራችሁ ሞክሩት። ግን እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብቻ ስለሚወስዳችሁ የራሳችሁን ባክአፕ አይተካም።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ቀይሩ፣ ሲሙሌተሩ ውስጥ እዩ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው እለፉ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ቀይራችሁ ችግሩ ቢጠፋ የትኛው እንደፈታው አታውቁም። ችግሩ ከባሰ ደግሞ የትኛውን እንደምትመልሱ ይጠፋችኋል።

ማረፊያው ጭራሽ ካልታየ

ይህ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የፋይል ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሴቭ ማድረግና ኤክስፖርት ማድረግ የተለያዩ ናቸው። ሴቭ ስታደርጉ የሚቀመጠው ወርልድ ኤዲተር ራሱ የሚያነበው ፋይል ነው። ሲሙሌተሩ እሱን አያየውም። ሲሙሌተሩ የሚያነበው ከፋይል ሜኑ ሥር «ኤክስፖርት ሲነሪ ፓክ» ስትሉ የሚወጣውን ነው። «ቀየርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም» የሚል ሰው መጀመሪያ ይህን ያረጋግጥ።

ሁለተኛ፣ የፎልደሩን ደረጃ እዩ። በኤክስ-ፕሌን ፎልደር ሥር ባለው «ከስተም ሲነሪ» ውስጥ የእናንተ ፎልደር፣ በእሱ ውስጥ ደግሞ በቀጥታ «ኧርዝ ናቭ ዳታ» መኖር አለበት። ከጓደኛ በዚፕ የመጣ ሥራ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ፎልደሩ በሌላ ተመሳሳይ ፎልደር ውስጥ ይገባል። ሲሙሌተሩ ሁለት ደረጃ ወርዶ አይፈልግም።

ሦስተኛ፣ ኧርዝ ናቭ ዳታን ከፍታችሁ ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ኤክስ-ፕሌን ዓለምን በአንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ካሬ ይከፋፍላታል። ባሕር ዳር ማረፊያ በ11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን፣ በ37 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ምሥራቅ አካባቢ ነው። ስለዚህ +10+030 በሚባል ፎልደር ውስጥ +11+037 የሚል የዲኤስኤፍ ፋይል (የአንዱን ካሬ ይዘት የሚይዝ ፋይል) ማግኘት አለባችሁ። ለደብረ ማርቆስ ፎልደሩ ያው ነው፣ ፋይሉ ግን +10+037 ይሆናል። ሌላ ቁጥር ካያችሁ ሥራችሁ ሌላ ቦታ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሰሜኑና የምሥራቁ ቁጥር ቦታ መለዋወጡ ነው።

ይህ ሁሉ ልክ ከሆነ «ሲነሪ ፓክስ» የሚባለውን ዝርዝር ፋይል በኖትፓድ ክፈቱት። እሱም ያለው ከስተም ሲነሪ ውስጥ ነው። ከፎልደራችሁ ስም በፊት «ዲሴብልድ» የሚል ቃል ካለ ማረፊያችሁ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ቃሉን አጥፉት። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ያሸንፋል። ስለዚህ የእናንተ ማረፊያ ከላይ፣ ከሲሙሌተሩ ጋር የመጡት ግሎባል ኤርፖርቶች ከሱ በታች፣ የሳተላይት ፎቶ ያለበት መሬት ካላችሁ እሱ ደግሞ ከታች፣ ሌላ ሜሽ ካላችሁ መጨረሻ ላይ ይቀመጡ። ሜሹ ከላይ ከተቀመጠ ሌላውን ሁሉ ሊሸፍንባችሁ ይችላል። ይህን ዝርዝር ፋይል ብታጠፉት ሲሙሌተሩ ሲነሳ አዲስ ይሠራል፣ ግን ሁሉንም በፊደል ተራ ነው የሚደረድረው። ሳትገለብጡት አታጥፉት።

ሎጉን አንብቡ

ኤክስ-ፕሌን በተነሳ ቁጥር ያደረገውን ሁሉ «ሎግ» በሚባል የጽሑፍ ፋይል ላይ ይጽፋል። ፋይሉ የሚገኘው ዋናው የኤክስ-ፕሌን ፎልደር ውስጥ ነው። ሲሙሌተሩ በተነሳ ቁጥር አዲስ ስለሚጻፍ፣ ችግሩ እንዳጋጠማችሁ ዝጉና ወዲያው ክፈቱት።

ርዝመቱ አያስፈራችሁ። ከሰዓቱ ቀጥሎ የላቲን «ኢ» ፊደል ያለበት መስመር ስህተት ነው፤ «ደብልዩ» ያለበት ማስጠንቀቂያ ነው። ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። የፎልደራችሁን ስም በፍለጋ አስገቡና እሱ የተጠቀሰባቸውን መስመሮች ብቻ እዩ።

ብዙ ጊዜ የምታገኙት አንድ ኦብጀክት አልተገኘም የሚል መስመር ነው፤ የኦብጀክቱን ሙሉ አድራሻ ጭምር ይነግራችኋል። የአድራሻው መጀመሪያ የላይብረሪውን፣ ማለትም ኦብጀክቱ የመጣበትን የኦብጀክቶች ስብስብ ስም ያሳያል። ለምሳሌ የኦፕንሲነሪኤክስ ስም ካያችሁ ያ ላይብረሪ አልተጫነም፣ ወይም ከሲነሪ ፓክስ ዝርዝር ውስጥ ጠፍቷል ማለት ነው። መልሳችሁ ጫኑትና ሲሙሌተሩን ሪስታርት አድርጉ። በዴቨሎፐር ሜኑ ሥር ሲነሪውን ብቻ መልሶ የሚጭን ትዕዛዝ አለ፣ ለትናንሽ ለውጥ ጥሩ ነው። አዲስ ላይብረሪ ሲጨመር ግን ሙሉ ሪስታርት ያስፈልጋል።

ኦብጀክቱን ራሳችሁ በብሌንደር (የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም) ሠርታችሁት ከሆነ የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ሊኑክስ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፣ ዊንዶውስ ላይ አይለይም። እናንተ ጋ የሠራው ጓደኛችሁ ጋ የማይሠራው አንዳንዴ በዚህ ብቻ ነው።

መንደርደሪያው ከጎረበጠ

ጎጃም ላይ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

መሬቱን የሚወስነው ሜሹ ነው። ወርልድ ኤዲተር ላይ የምትስሉት አስፋልት ሜሹ ላይ የሚለበጥ ልብስ ነው እንጂ የራሱ ከፍታ የለውም። በአየር ማረፊያው መረጃ ላይ የምትጽፉት ከፍታም መሬቱን አያነሳውም፣ አያወርደውም። ለመረጃ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ወደ 5,970 ጫማ፣ ማለትም ከ1,800 ሜትር ትንሽ በላይ ነው። 1,820 የሚለውን የሜትር ቁጥር በጫማ ቦታ የጻፈ ሰው መረጃው ይሳሳትበታል፣ መሬቱ ግን ንቅንቅ አይልም።

ሜሹ ለምን ይጎረብጣል? የከፍታው መረጃ ለብዙው ዓለም በየ90 ሜትሩ አካባቢ ከተወሰደ ልኬት የመጣ ነው። የባሕር ዳር መንደርደሪያ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በዚያ ርዝመት ላይ የሚያርፉት ነጥቦች ሠላሳ ምናምን ብቻ ናቸው። አንዱ ነጥብ በጥቂት ሜትር ቢሳሳት መንደርደሪያው መሐል ላይ ጉብታ ይፈጠራል። በተጨማሪም ከጠፈር በራዳር የተለካ ከፍታ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሲያጋጥመው የዛፉን አናት እንደ መሬት ሊወስደው ይችላል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ባሕር ዛፍ የሌለበት መንደር ማግኘት ይከብዳል። ከመንደርደሪያ ጫፍ አጠገብ ያለ የባሕር ዛፍ ተክል ሲሙሌተሩ ላይ ኮረብታ ሆኖ ቢመጣ አይግረማችሁ።

ቀላሉ መፍትሔ ወርልድ ኤዲተር ውስጥ የአየር ማረፊያውን ስም መርጣችሁ «ኦልዌይስ ፍላተን» የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው። ሲሙሌተሩ በማረፊያው ወሰን ውስጥ ያለውን መሬት ያስተካክለዋል። እዚህ ላይ ግን ወሰኑን አስተውሉ። ሰፊ ወሰን ከሳላችሁ ሜዳው ሲስተካከል ጠርዙ ላይ ገደል ይፈጠራል። ደብረ ማርቆስን ያየ ሰው መሬቱ ቀስ እያለ እንደሚያዘቀዝቅ ያውቃል። ስለዚህ ወሰኑን ወደ መንደርደሪያውና ወደ መቆሚያው አጥብቃችሁ ሳሉት። እርሻውንና መንገዱን ውስጥ አታስገቡ። ኤክስፖርት አድርጉና በመኪና እንደምትዞሩ አድርጋችሁ ካሜራውን በወሰኑ ዙሪያ አዙሩት። ገደሉ ካለ የምታገኙት እዚያ ነው።

ኦርቶ4ኤክስፒ በሚባለው ፕሮግራም የራሳችሁን መሬት በሳተላይት ፎቶ ሠርታችሁ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያ ፕሮግራም መንደርደሪያ የት እንዳለ የሚያውቀው ማንም ሰው ሊያርመው ከሚችለው የኢንተርኔት ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። እዚያ ላይ መንደርደሪያው ካልተሳለ ወይም ተጣሞ ከተሳለ፣ ፕሮግራሙ ቦታውን እንደማንኛውም ሜዳ ይቆጥረዋል፤ አይደለድለውም። መፍትሔው ካርታውን በትክክል ማረምና ያንን ካሬ እንደገና መሥራት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ለሲሙሌተሩ ብቻ ሳይሆን ያንን ካርታ ለሚጠቀም ሁሉ ነው የሚሠራው።

የጣና ዳርቻም የራሱ ጣጣ አለው። በመንደርደሪያ 22፣ ማለትም ወደ ደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ የሚያርፍ አውሮፕላን በሐይቁ በኩል ነው የሚመጣው፤ ያ እይታ ባሕር ዳርን ባሕር ዳር የሚያደርጋት ነው። ስለዚህ ዳርቻው ላይ የሚታይ ስህተት ሁሉ ዓይን ውስጥ ይገባል። ውሃው የሜሹ አካል ነው። ዳርቻው ከእውነተኛው ቦታ ወጥቶ መሬት ላይ ከመጣ የሣር ፖሊጎን (ተከልሎ የተሳለ ሜዳ) ብታለብሱበት ከላይ ሣር ይመስላል እንጂ ሥሩ ውሃ ነው። ይህን በወርልድ ኤዲተር መፍታት አይቻልም። የተሻለ ሜሽ ፈልጉ ወይም ካሬውን በኦርቶ4ኤክስፒ እንደገና ሥሩ።

አውሮፕላኑ አልነሳም ሲል

አንዳንዱ ደግሞ መንደርደሪያውን ያለ ጥፋቱ ያስረዝመዋል። «ሴስና 172 ይዤ ልነሳ ስል ሜዳው አለቀ፣ አሳጥሬ ስዬው መሆን አለበት» ይላል።

ርዝመቱን መጠርጠር ከፈለጋችሁ ወርልድ ኤዲተር ላይ መንደርደሪያውን ምረጡት፤ ርዝመቱን ያሳያችኋል። ልክ ከሆነ ምክንያቱ አየሩ ነው። በባሕር ዳር ከፍታ በመደበኛው ስሌት ሙቀቱ 3 ዲግሪ አካባቢ መሆን ነበረበት። ቀኑ 25 ዲግሪ ከሆነ አየሩ ይሳሳል፣ አውሮፕላኑም 8,500 ጫማ አካባቢ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ደግሞ ይብሳል። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) አሳሱ፣ ጭነት ቀንሱ፣ ጠዋት ተነሱ። ሲሙሌተሩ እውነቱን ነው የነገራችሁ፤ ማረፊያውን አትንኩት።

ዛፍ አስፋልት ላይ፣ ሁለት ተርሚናል በአንድ ቦታ

መፍትሔው የማግለያ ክልል ነው፤ ወርልድ ኤዲተር «ኤክስክሉዥን ዞን» ይለዋል። ቦታውን በአራት ማዕዘን ከልላችሁ ምን እንዲጠፋ እንደምትፈልጉ ትመርጣላችሁ፦ ኦብጀክት፣ ፋሳድ (በግድግዳ የሚሳል ሕንፃ ወይም አጥር)፣ ደን፣ መንገድ፣ ፖሊጎን። የሚያጠፋው ከእናንተ በታች ካሉ ፓኬጆች የመጣውን እንጂ የራሳችሁን አይደለም። ስለዚህ ተርሚናሉ ሁለት ሆኖ ከመጣና አንዱ የእናንተ ከሆነ፣ ኦብጀክትና ፋሳድን ምረጡ።

ሁሉንም ምልክት አድርጎ ከተማውን በሙሉ መሸፈን ግን ጥሩ አይደለም። አራት ማዕዘኑ ሰፋ ካለ ከአጥሩ ውጪ ያሉ ቤቶችና መንገዶች አብረው ይጠፋሉ። አንድ ትልቅ ከመሳል ብዙ ትናንሽ መሳል ይሻላል። አዲስ ሜዳ ስትሠሩ በተለይ መንገድና ደንን አትርሱ። ሜሹ ሲሠራ ማረፊያው እዚያ እንዳለ አያውቅም ነበር፣ ስለዚህ ዛፉን በነፃነት ተክሎበታል።

ቀለም መስመሮች አስፋልቱ ሥር ከተደበቁ ወርልድ ኤዲተር ውስጥ በስተቀኝ ያለውን ዝርዝር እዩ። ከላይ ያለው ከላይ ይሳላል። መስመሩን ከአስፋልቱ በላይ ጎትቱት፣ አለቀ። ሕንፃ በአንድ ጥግ መሬት ውስጥ ከገባና በሌላው ከተንጠለጠለ ቦታው ተዳፋት ነው። ኦብጀክቱ ከፍታውን የሚወስደው ከመሐል ነጥቡ ስለሆነ ትልቅ ሕንፃ ላይ ልዩነቱ ይጎላል። መሬቱን አስተካክሉ፤ ካልሆነ የኦብጀክቱን የከፍታ ዓይነት ቀይራችሁ ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንደሚል በቁጥር ስጡት።

የሲሙሌተሩ አውሮፕላኖች ታክሲ አልሄድ ካሉ

ከኤክስፖርት በፊት «ቫሊዴት» የሚለውን ተጫኑ። ስህተቱን በጽሑፍ ይዘረዝርላችኋል፤ መንደርደሪያው ከተሰጠው ቁጥር ጋር አቅጣጫው ካልተስማማም ይናገራል። ቁጥሩ አቅጣጫው በዲግሪ ለአሥር ተካፍሎ ነው። ባሕር ዳር 04 እና 22 ስለሆነ መስመሩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ 40 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት።

ቫሊዴት ሁሉን አይዝም ግን። አንዳንዴ የሚያመልጡት የማይነካኩ ነጥቦች ናቸው። ሁለት የታክሲ መንገዶች ሲገናኙ ከሩቅ የተያያዙ ይመስላሉ። እስከ መጨረሻው ዙም አድርጋችሁ ስታዩት መሐላቸው ክፍተት አለ። ለሲሙሌተሩ ያ መንገድ የተቆረጠ ነው። ሁለቱን ነጥቦች መርጣችሁ «መርጅ» በሉ። ከዚያ መንደርደሪያው ላይ የሚያልፈው መስመር የመንደርደሪያውን ስም መያዙን፣ ወደ መንደርደሪያው የሚገቡት አጫጭር መስመሮች ደግሞ «ሆት ዞን» ተብለው መመዝገባቸውን አረጋግጡ። ይህ ካልሆነ አውሮፕላኖቹ ፈቃድ ሳይጠብቁ መንደርደሪያ ላይ ይወጣሉ።

ኮምፒውተሩ ሲከብደው

ኦብጀክት በመቀነስ አትጀምሩ። መጀመሪያ ምስሎቹን እዩ። ጎንና ጎኑ 4096 ፒክሰል የሆነ አንድ ምስል ሳይጨመቅ ግራፊክስ ካርዱ ላይ 64 ሜጋባይት ይወስዳል። ዲዲኤስ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሲጨመቅ ወደ 16 ሜጋባይት ገደማ ይወርዳል። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳና የአጥር ሽቦ ለየብቻ ትልቅ ምስል አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ላይ በአንድ ምስል ይደርደሩ። የምስሉ መጠን ሁልጊዜ እንደ 512፣ 1024፣ 2048 ወይም 4096 ያለ በሁለት እየተባዛ የሚመጣ ቁጥር ይሁን። ሌላ ቁጥር ሲሙሌተሩ ላይቀበል ይችላል።

ለሌሎች ከማካፈላችሁ በፊት

ሥራው ሲያምር ማረፊያዎች ወደሚሰበሰቡበት ድረ ገጽ፣ ወደ ኤክስ-ፕሌን ሲነሪ ጌትዌይ ብትልኩት ለብዙ ሰው ይደርሳል። ተቀባይነት ካገኘ ከሲሙሌተሩ ጋር አብሮ ይሰራጫል፤ የትም አገር ያለ ሰው ጎጃምን በእናንተ ሥራ ያያታል። ጌትዌይ ግን የሚቀበለው ከሲሙሌተሩ ጋር በሚመጣው ላይብረሪ የተሠራውን ብቻ ነው። በብሌንደር የሠራችሁት ጎጆ፣ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት ላይብረሪ አይገባም። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱ ለጌትዌይ፣ ሌላው የራሳችሁ ሙሉ ሥራ።

ለጌትዌይ የሚላከውን ቅጂ ለመፈተን ተጨማሪ ላይብረሪዎቹን ሁሉ ከሲነሪ ፓክስ ዝርዝር ላይ «ዲሴብልድ» አድርጉና ሲሙሌተሩን ክፈቱ። ከዚያ ሎጉ ውስጥ የፎልደራችሁን ስም ፈልጉ። አንድም የስህተት መስመር ካልመጣ ላኩት።